ለሠላሳ ሰከንድ

ውድ ሠላሳ ሰከንድ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ድሮ ከገዳሪፍ ወደ ጎንደር የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ አጀማመሩ ይኸው ነበር። ለሎሪ ሹፌር ይሰጣል፤ ሹፌሩ ጋላባት ላይ ለሌላ ሹፌር ያቀብላል፤ በሳምንቱም በወሩም ይደርሳል። አሁን ሁሉ ነገር በስልክ የድምፅ መልእክት ሆኗል። ላንቺ ግን እየሮጥኩ የተናገርኩትን መላክ ነውር ሆነብኝና ወረቀት አወጣሁ።

ስምሽን ሰምቶ ግራ የሚገባው ሰው አይጠፋምና ላስተዋውቅሽ። ካሜራ ውስጥ ሸተር የሚሉት መጋረጃ አለ፤ ብርሃን የሚገባው እሱ ተከፍቶ በቆየበት መጠን ነው። በእኔ አሮጌ ካኖን ላይ ቁጥሩ ከ1/8000 ይጀምራል፤ የሚበር ወፍ ክንፉን እንደዘረጋ የሚያስቀረው እሱ ነው። ጎማዋን እያዞርኩ ስወርድ 1/1000፣ 1/125፣ 1/30 እያለ ሙሉ ሰከንድ ይደርሳል፤ ከዚያ 2፣ 4፣ 8፣ 15፤ መጨረሻ ላይ አንቺ። ካንቺ ወዲያ ቁጥር የለም፤ ‹በልብ› የሚሉት ብቻ ይቀራል። የእንግሊዝኛ ስሙ የመጣው የድሮ ካሜራ ሸተር በሚጨመቅ የላስቲክ ኳስ ይከፈት ስለነበር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስሰማው በአማርኛ ነበር የገባኝ፤ ሰዓት አትመልከት፣ በልብህ ቁጠር የሚል መስሎኝ። እስካሁንም በልቤ ነው የምቆጥረው።

ገዳሪፍ የመጣሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እንደ ብዙው ሰው ለሰሊጥ፤ መተማና ሁመራ ሳሉግ የሚሉት ዓይነት ወዛደር ሆኜ። አንድ ክረምት አረምኩ፣ አንድ ጥቅምት አጨድኩ። ወገቤ አላስቆም ሲለኝ ጎንደር ለምጄው ወደነበረው ሥራ ተመለስኩና ገበያው ዳር አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ነጭ አቡጀዲ፣ ሁለት ፍላሽ፣ 1/125። «ጆሮ ይታይ፤ አገጭ ዝቅ፤ አትሳቅ።» ይህችን በአማርኛም፣ በዓረብኛም፣ በትግርኛም አሳምሬ እላታለሁ። የመኖሪያ ወረቀት የሚያወጣው፣ የስደተኛ ካርድ የሚጠብቀው፣ ሳዑዲ ልትሄድ የተነሳችው፣ ሁሉም እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በ1/125 ተቆርጦ ሄዷል። የአገሬው ሰው የከተማዋን ስም ሲተረጉም ‹ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ› ከሚል የገበያ ጥሪ የመጣ ነው ይላል። ፎቶ ቤታችን ስሙን በደንብ ታከብረው ነበር።

ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ከሠራሁ በኋላ ነው በስህተት የተገናኘነው። የሰሊጥ ወቅት ነበር። መብራት ጠፍቷል። በሩ ላይ ተቀምጬ ካሜራውን ስወለውል ጎማዋ ዞራ ኖሯል። በርጩማው ላይ አስቀምጬ ልሞክረው ቁልፉን ተጫንኩ፤ ቀጭ አለ፣ ግን አልተዘጋም። ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰብኝ መሰለኝ። ካሜራው ያኔ የእኔ አልነበረም፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር፤ የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ አስቀድሜ አስቤ ጨረስኩ። ካሜራውን እንዳልነካው ፈርቼ ትንፋሼን ውጬ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቀጭ። ስክሪኑ ላይ የወጣው መንገድ ፊት ለፊቴ ያለው መንገድ አልነበረም። ሎሪዎቹ የሉም፤ መብራታቸው ብቻ እንደ ቀይና እንደ ነጭ ክር ተዘርግቶ ቀርቷል። እግረኛው የለም፤ አህያው የለም፤ ረክሻው የለም። ማዶ ካለው ግድግዳ ሥር ግን አንዲት ሻይ ሻጭ በከሰል ምድጃዋ ኋላ ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። ያን ሰዓት ደንበኛ ጠፍቶባት፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ቁጭ እንዳለች ነበር። ከዚያ ሁሉ ግርግር ያስተረፍሻት እሷን ብቻ ነው።

በማግስቱ ወስጄ አሳየኋት። «መንገዱን ማን ጠረገልኝ?» አለችና ሳቀች፤ ለሻዩ አላስከፈለችኝም።

በማታ ካወቅሁሽ በኋላ በቀን አማረሽኝ። በገዳሪፍ ፀሐይ ሠላሳ ሰከንድ የተከፈተ ሸተር ግን ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚያወጣው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ብርሃንን ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር አለ፤ ዋጋውን ሰምቼ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ብየዳ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ልጁ ጭምብሉን ወደ ላይ ገልጦ ላቡን ሲጠርግ አየሁ። ዓይኑን ከዚያ እሳት ያዳነ መስታወት ካሜራዬን ከፀሐይ አያድንም? ቁጥር 8 የሚሏትን ለምኜ ወሰድኩ፤ ሌንሱ አፍ ላይ ገጥሜ በካላማዳርያ ቁራጭ ጥፍንግ አድርጌ አሰርኳት። ዓለም እንደ ኩሬ ውሃ አረንጓዴ ሆነብኝ። ይሁን፤ ወደ ጥቁርና ነጭ ስለውጠው ማን ያውቅብኛል። ሒሳቧን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ፦ ያለ መስታወት 1/30 ሰከንድ የሚበቃው ብርሃን በመስታወቷ በኩል ሠላሳ ሰከንድ ግድም ይጠይቃል። ሠላሳኛ የነበረችው ሠላሳ ሆነች።

ከዚያ ሜዳው ላይ ወጣን። ሜዳውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ የሚነገር ነገር የለበትምና። ከገዳሪፍ ከተማ፣ ሶቪየቶች ከሠሩት ግዙፍ የእህል ጎተራ ጀርባ ተነስተሽ ወደ ዶካና ጋላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ስትጓዢ ዓይንሽ የሚያርፍበት ጉብታ ጥቂት ነው። በፈረንጆች 1944 አካባቢ እንግሊዞች ለጦራቸው ቀለብ ብለው በትራክተር ማሳረስ ከጀመሩ ወዲህ ግራሩ እየተመነጠረ፣ ጥቁሩ ዋልካ እስከ አድማስ ማሽላና ሰሊጥ ሆኗል። እዚህ ዋይድ ሌንስ ይዞ የቆመ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ሁለት ነገር ነው፤ ግማሽ ሰማይና ግማሽ አፈር። የእኔ ሌንስ በ17 ሚሊ ሜትሩ ከጥግ እስከ ጥግ 104 ዲግሪ ያያል፤ ሁሉን አያለሁ ሲል ሁሉን ያሳንሳል። ሩቅ ያለውን ወደ ሩቅ ይገፋል፤ ቅርብ ያለውን አፍንጫሽ ሥር ያመጣል። ስለዚህ የሜዳ ፎቶ የሚነሳው ቆመው አይደለም፤ ተንበርክከው ነው። ይህ የገባኝ ካንድ ዓመት ልፋት በኋላ ነው። ሰው ዋይድ ሌንስ ርቆ ለመቆም የተሠራ ይመስለዋል። የተሠራው ለመጠጋት ነው፤ እስኪያፍሩ ድረስ ለመጠጋት።

የምጠጋው ሂላውን ነው። ሰሊጥ ፍሬው አፉን ከመክፈቱ በፊት ይታጨድና በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ እሱን ነው ሂላ የምንለው። ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆመ ሲደርቅ ፍሬው ወደ ሰማይ አፉን ይከፍታል። ከዚያ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። በቀን ያየሽው እንደሆነ ተራ የጭድ ቁልል ነው። በጥቅምት ሌሊት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ሌንሱን ከአንዱ ሂላ አንድ ስንዝር ላይ አድርጌ ስከፍትሽ ግን ሂላዎቹ ነጠላ ለብሰው ለቅሶ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፤ ከኋላቸው ሌላ ረድፍ፣ ከዚያ ኋላ ሌላ፣ እያነሱ እያነሱ እስከ አድማስ። በረድፉ መሃል ስልክ እያበራ ያለፈ ሳሉግ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ትቶ ይሄዳል። ራሱ አይታይም።

ኮከቦቹም ላይ ውለሽልኛል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሸተር ረዘም ሲል ኮከብ ይጎተታል፤ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ፎቶ አንሺዎች 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍል ይላሉ፤ 500 ለ17 ሲካፈል 29 ከምናምን ይመጣል። ማለትም በእኔ ሌንስ ኮከብ ከነጥብነት ሳይወጣ ልትቆይ የምትችዪው መጨረሻ አንቺው ነሽ። ተለክተሽ የተሰፋሽልኝ ልብስ ነሽ ብል ግነት አይሆንም። ሰረዙን ስፈልግ ደግሞ አንቺን 120 ጊዜ ደጋግሜ አንድ ሰዓት አደርግሽና ምስሎቹን እደራርባለሁ። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በሰሜን 14 ዲግሪ ላይ ስላለች የሰሜን ኮከብም ከአድማሱ ከፍታዋ ያችኑ 14 ዲግሪ ያህል ነው። ሰማዩ በሙሉ ዙሪያውን የሚሽከረከረው እዚያ ታች፣ ከሂላው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ደጋ ላይ፣ ተራራ መሃል ቆሜ ብሆን ኖሮ ይህን አላይም ነበር።

መከራሽንም ልንገርሽ፤ ምስጋና ብቻ ሆነ እንዳትዪኝ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድ ይውጣል። ስንት ጊዜ፣ አንቺ 20 ደርሰሽ ልታበቂ 10 ሲቀርሽ፣ የትራይፖዱ አንድ እግር ቀስ ብሎ ሲሰምጥ አይቻለሁ። ድምፅ የለውም፤ አድማሱ ብቻ ሁለት ሆኖ ይወጣል። አሁን የሰሊጥ ጆንያ አጥፌ ከሦስቱም እግር ሥር አነጥፋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ስንጥቁ ይዘጋና ጭቃው ጫማ ያስቀራል። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ የካሜራው ዓይን ራሱ ይታመማል፤ ጨለማው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዘራል። ለዚህ የተበጀች ዘዴ አለች፦ ካንቺ ቀጥሎ ካሜራው መጋረጃውን ዘግቶ ሌላ ሠላሳ ሰከንድ ጨለማውን ያነሳል፤ በዚያ ባዶ ምስል ላይ ያገኘውን ነጠብጣብ ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አንቺ ሁለት ነሽ፤ አንዷ የምታይ፣ ሌላዋ ምንም የማታይ። በሁለተኛዋ ጊዜ ካሜራው አይታዘዝም። መጀመሪያ እበሳጭ ነበር። አሁን የምበላው ካለ እበላለሁ፣ ከሌለም ዝም ብዬ እቆማለሁ።

ባለሦስት እግሩ ያመጣብኝን አንድ ጣጣ ላውጋሽ። ዶካ መንገድ ላይ አንድ ወታደር መጣብኝ። ካሜራውን አልጠየቀኝም፤ እግሮቹን ነው የጠየቀኝ። «መሬት ልትለካ ነው?» አለ። አልፈረድኩበትም። በፈረንጆች 1903 ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ እንዲሁ ባለሦስት እግር መሣሪያ ይዞ ድንበር ብሎ ያሰመረው መስመር ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ያጋድላል። እዚህ አገር ሦስት እግር ያለው ነገር መሬት ላይ ተክሎ ሩቅ ማየት ቀላል ወንጀል አይደለም። ሱራ ነው፣ ፎቶ ነው ብዬ ቁልፉን ተጫንኩለት። በፊቱ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደድ ነበር። ሲያልቅ አሳየሁት፤ መንገዱና ግራሩ ብቻ። «እኔስ?» አለ፤ ተቆጥቶ ሳይሆን ደንግጦ። ስላልቆምክ ነው አልኩት። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ቆመ። እኔ በልቤ ስቆጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሱም እየቆጠረ ነበር። ወጣ፤ ዳሩ ትንሽ የተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ግን ያለ። «ጣይብ»፣ እሺ ብሎኝ መታወቂያዬን መለሰ።

የሚንቀሳቀሰው ጠፍቶ የቆመው ሲቀር መጀመሪያ ያየው እኔ ሳልሆን ዳጌር የሚባል ፎቶ አንሺ ነው። በፈረንጆች 1838 ፓሪስ ውስጥ ከመስኮቱ ሆኖ የአንድ ጎዳና ምስል አነሳ። በዚያ ዘመን ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ቀርፋፋ ስለነበር ለደቂቃዎች ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። ጋሪውም ፈረሱም ሰዉም ጠፋ። የቀረው፣ በፎቶግራፍ ታሪክ የመጀመሪያው ሰው ነው የሚባለው፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ነው። ሊስትሮውም እዚያው ጎንበስ ብሎ በብዥታ ይታያል። የፒያሳ ሊስትሮዎች ይህን ቢያውቁ ሣጥናቸው ላይ ያሥሉት ነበር።

እኛም ዘንድ ቶሎ ደርሰሻል፤ አመጣጥሽ ግን ደስ አይልም። በመቅደላው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ጭነው መጥተው ነበር። ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ደግሞ በዚያው በፈረንጆች 1868 ክረምት፣ በሰባት ዓመቱ፣ ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት በፎቶ አንሺዋ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀረበ። ካሜሮን ሌንሱን ለረጅም ጊዜ ከፍታ ማንሳት ልማዷ ነበር፤ ትችት ቢደርስባትም ብዥ ያለ ምስል አትፈራም ነበር። ከመተማ በስተደቡብ ያለው የቋራ ቆላ የአባቱ አገር ነው። አባቱን በሚያዝያ፣ እናቱን በመንገድ ላይ ያጣ ሕፃን፣ የማያውቃት ሴት «አትንቀሳቀስ» ስትለው ምን ያህል ቀላል ሆኖለት ይሆን እላለሁ። ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር ቅሬታ ይሰማኛል፤ በካሜሮን ይሁን ባንቺ አላውቅም።

አንቺን የማመሰግንበት ትልቁ ነገር ኡም ራኩባ ነው። ይህ የስደተኛ መጠለያ ከተማችን ሁለት ጊዜ የምታውቀው ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከትግራይም ከጎንደርም የተሰደደው ሕዝብ፣ ቤተ እስራኤሎቹም ጭምር፣ እዚያ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች በመንገድና በመጠለያዎቹ አልቀው፣ ከተረፉት ብዙዎቹ ‹ዘመቻ ሙሴ› በተባለው ምስጢራዊ ጉዞ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ ሜዳ ሆነ፤ ማሽላም በቀለበት። በኅዳር 2013 እንደገና ተከፈተ። ሰው የትግራዩን ጦርነት ሸሽቶ ከሁመራና ከማይካድራ ወገን በሐምዳይት በኩል በአሥር ሺዎች ሲገባ፣ እኔ ብርድ ልብስ በጫነ መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ሄድኩ። የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ እዚያ ነበር። ሥራቸውን አልነቅፍም፤ በ1/500 የተቀረጸ ዓይን ዓለምን አንቅቷል። የሚነሳው ሰው ግን ተሰላችቶ ነበር፤ ፈርቶም ነበር። አንዲት እናት ከጎጆዋ ፊት ለፊት እሳት ስታነድ ካሜራዬን አየችና በአማርኛ «ልጄ፣ ፊቴን አታንሳ። እዚያ የቀረ ልጅ አለኝ» አለችኝ።

ፊት የማያወጣ ፎቶ አለ አልኳት። አላመነችኝም። ፀሐይ ገብታለች፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፤ በየጎጆው በር እሳት ተለኩሷል። ትራይፖዴን ጆንያ ላይ ተከልኩና ከፈትኩሽ። ልጆች ተሯሯጡ፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው አለፉ፤ እሷም ጎንበስ ቀና እያለች እሳቷን አፋፋመች። ስክሪኑን ከእሷ ጋር አየነው። የጎጆዎቹ ሣር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እሳቶቹ አሉ። ሰዎቹ በእሳቶቹ ዙሪያ እንደ ጉም ቆመዋል፤ ማንም ማንንም አይመስልም። ዝም ብላ ቆየችና «ጭስ መስለናል» አለች። ከዚያ የጎረቤቷን ጎጆ በጣቷ ነካች። «ይህን ግን ቤቴ ብለህ እንዳትጽፍ፤ የእኔ በስተግራ ነው።»

ይኸው አስተካክዬ ጻፍኩ፤ በስተግራ ያለው ነው።

አንድ ጊዜ ግን ተጣልተናል፤ ሳልናገር ባልፍ ይቆጠቁጠኛል። ወንዞቻችን እዚህ ሲደርሱ እንደ ስደተኛ ስም ይለውጣሉ፤ ጓንግ አትባራ ይባላል፣ አንገረብ ባሕር ሰላም፣ ሽንፋ ራሃድ፣ ተከዜ ደግሞ ሰቲት። በወንዝ የምትታወቂበትን እኔም አውቃለሁ፤ የሚናወጥን ውሃ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ወተት ታደርጊዋለሽ። ዓለም በሙሉ የሚወድልሽም ይህንን ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ 2013 ሰቲት የሰው ሬሳ እያመጣ ሐምዳይትና ወድ አልሂሊው አካባቢ ዳር ላይ ይጥል ጀመር። ስደተኞቹና የአካባቢው ሰዎች እያወጡ ቀበሩ። ከሳምንታት በኋላ ወንዙ ዳር ቆሜ ትራይፖዱን ዘርግቼ ነበር። ምሽቱ የሚያምር ነው፤ ውሃው ደፍርሶ ይሄዳል። አንቺ ብትከፈቺ ምን እንደምታወጪ አውቀዋለሁ፤ የተረጋጋ፣ ነጭ፣ እንደ ሐር የለሰለሰ ነገር። እግሮቹን አጠፍኩ። 1/1000ንም አልፈለግሁም። ያን ቀን ካሜራው ከቦርሳው አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህም ሰቲት ላይ አልከፈትኩሽም። ሌላ ወንዝ ላይ ይሁን። ሰቲት ላይ አይሆንም።

ከመታረቃችን በፊት ሚያዝያ 2015 ደረሰ። በሰባተኛው ቀን ካርቱም ጦርነት ተነሳ። እህቴ እትዬ አሥራ ስድስት ዓመት የኖረችው ካርቱም ነበር፤ እንጀራ እየጋገረች። በአሥረኛው ቀን አንድ ሻንጣና አንድ ምጣድ ይዛ ገዳሪፍ ከተፍ አለች። ምጣዱን ለምን አመጣሽው ስላት «ምን ትቼ ልምጣ?» አለችኝ። ግንቦት ላይ ወደ ጎንደር ልትገባ ጋላባት ድረስ ሸኘኋት። በጋላባትና በመተማ መካከል ያለችው ድልድይ አጭር ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ከተማ ሙሉ ስሟ መተማ ዮሐንስ ነው፤ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 የወደቁት እዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን ታሪክ ለማንም አልታሰበውም። ሱዳናዊው፣ ሶሪያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሕንዳዊው፣ የእኛው ሰው፣ ሁሉም ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ተሸካሚው ይሮጣል፤ ገንዘብ መንዛሪው ይሮጣል፤ ውሃ ሻጩ ልጅ ይሮጣል። ወረፋው አይሮጥም።

እኔ የማልፍበት ወረቀት አልነበረኝም። ከወረፋው ወጣ ብላ ካለች ቡና ቤት ገባሁና ባለቤቷን አስፈቅጄ ሰገነቱ ላይ ጆንያዬን አነጠፍኩ። መስታወቷን በካላማዳርያ አሰርኩ። 17 ሚሊ ሜትር። ቀዳዳው እስከ መጨረሻ የጠበበ። ከፈትኩሽ፤ በልቤ ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ መስታወቷን ፈትቼ ቡናዬን ጠጣሁ፤ እትዬን ስፈልጋት ከአራት ሰዓት በኋላም እዚያው ናት።

ማታ ላይ ገዳሪፍ ገብቼ ከፈትኩት። ተሸካሚዎቹ የሉም። መንዛሪዎቹ የሉም። ወታደሮቹ እንኳ የሉም፤ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ነበርና። ሰፊ ባዶ ሜዳ አለ፤ በሜዳው ላይ በየቦታው ሻንጣና ሻንጣ ላይ የተቀመጠ ሰው። በጣም የደከመው በጣም ጠርቶ ወጥቷል፤ ሕፃን የታቀፈችው እናት ከወገቧ በታች ድንጋይ፣ ከወገቧ በላይ እሹሩሩ ስትል የቀረች ብዥታ ናት። ዳር ላይ ያለችው ሴት ግን ከእግር ጥፍሯ እስከ ሻሿ ቋጠሮ ድረስ ቁልጭ ብላለች። ጉልበቷ ላይ ክብ ነገር ይዛለች።

ላኩላት። ጎንደር ከገባች ከሦስት ቀን በኋላ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ ፎቶውን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ?»

«ይንቀሳቀስ ነበር» አልኳት።

«እኔ አልተንቀሳቀስኩም?»

«አልተንቀሳቀስሽም።»

«እንዴት ልንቀሳቀስ፤ ምጣዱ ይሰበርብኝ የለም።»

ምጣዱ ደህና ነው። ቀበሌ 18 አካባቢ በተከራየችው ቤት እየጋገረችበት ነው። ፎቶውን አትማ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለችው ሰምቻለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ የካርቱምን ጉዳይ በእሱ ነው የምትጀምረው አሉ።

አሁን ይህን የምጽፍልሽ ከከተማ ወጣ ብዬ፣ አንድ ሂላ ሥር ተቀምጬ ነው። ጥቅምት ነው። ጦርነቱ ወዲያ ማዶ አለ፤ ከካርቱምና ከገዚራ የሸሸው ሰው ከተማውን ሞልቶት ከርሟል፤ ፎቶ ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ ጉርድ ፎቶ ነው፤ «ጆሮ ይታይ፣ አገጭ ዝቅ»። መብራት ዛሬም የለም፤ ላንቺ ግን ይሻልሻል። ትራይፖዱ ጆንያው ላይ ነው። ቁልፉን የተጫንኩት «ምጣዱ ደህና ነው» የሚለውን ስጽፍ ነበር፤ አንቺ አብቅተሻል። አሁን ያለችው ሁለተኛዋ ናት፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ካሜራው ጨለማውን እያነሳ ነው፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል። ብነካውም አይመልስልኝም። ከሂላው ውስጥ አንድ የደረቀ ፍሬ ጠሽ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ፤ ደግሞ ሌላ። አሥራ ሁለት ላይ ነኝ። አሥራ ሦስት።

አክባሪሽ፣
የጉርድ ፎቶው ሰው
ገዳሪፍ